ክርስቲያን አንፊንሰንና የፕሮቲን ምሥጢር

ጥሬ እንቁላል ሲሰበር ነጩ ክፍል እንደ ውሃ የሚፈስና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። በፈላ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ግን ይረጋል፤ ይነጣል፤ ይጠጥራል። ከዚያ ወዲያ ቢያቀዘቅዙት ወይም ብዙ ቀን ቢያቆዩት ወደ ቀድሞ ጥሬነቱ አይመለስም። ይህን ነገር በወጥ ቤት ያላየ ሰው የለም። ነገር ግን እንቁላሉ ለምን እንደ ረጋ፣ ለምንስ ተመልሶ ጥሬ እንደማይሆን ቢጠየቅ በቂ መልስ የሚሰጥ ሰው ጥቂት ነው። ነጩ የእንቁላል ክፍል ከውሃው በቀር አብዛኛው ፕሮቲን ነው፤ እሳቱም ያበላሸው የፕሮቲኑን ቅርጽ ነው። ለመሆኑ የፕሮቲን ቅርጽ ከየት ይመጣል? ከተበላሸስ በኋላ ሊመለስ ይችላልን? በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ዘመን ደክሞ መልስ ያገኘውና በዚሁም የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ክርስቲያን አንፊንሰን ነበር። የዛሬው ጽሑፋችን የዚህን ሰው ሕይወትና ሥራ በአጭሩ ይተርካል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

በመጀመሪያ ፕሮቲን ምን እንደ ሆነ መግለጽ ይገባል። የሰውም ሆነ የእንስሳ ወይም የአትክልት አካል ሴል ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። በሴል ውስጥ ልዩ ልዩ ሥራ የሚሠሩ በሺህ የሚቆጠሩ የፕሮቲን ዓይነቶች አሉ። አንዱ ኦክሲጂንን በደም ውስጥ ያመላልሳል፤ ሌላው ምግብን ያልማል፤ ሌላው ጡንቻን ያንቀሳቅሳል፤ ሌላውም በሽታን ይከላከላል። ፕሮቲን በሴል ውስጥ ሲሠራ በመጀመሪያ የሚወጣው እንደ ረጅም ክር ሆኖ ነው። አሚኖ አሲድ የሚባሉ ቅንጣቶች በክር ላይ እንደ ተሰካ ጨሌ ተራ በተራ ተያይዘው ይገኙበታል። የጨሌዎቹ ዓይነት 20 ሲሆን፣ አንዱን ፕሮቲን ከሌላው የሚለየው የእነዚህ የ20ዎቹ ቅደም ተከተልና ብዛት ነው።

ይሁን እንጂ አብዛኛው ፕሮቲን ክሩ ተዘርግቶ ሳለ ሥራ ሊሠራ አይችልም። መታጠፍና መጠቅለል፣ የራሱ የሆነውንም ቅርጽ መያዝ አለበት። ጥርሱ የተጣመመ ቁልፍ ጓጉንቸሩን እንደማይከፍት ሁሉ፣ ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲንም ከሥራ ውጭ ነው። እንግዲህ የአንፊንሰን ጥያቄ ይህ ነበር፤ ክሩ በብዙ ሺህ ዓይነት መንገድ ሊታጠፍ ሲችል፣ ትክክለኛውን አንዱን ቅርጽ የሚያሳየው ማን ነው?

አንፊንሰን የተወለደው ማርች 26 ቀን 1916 በአሜሪካ፣ በፔንሲልቫንያ ክፍለ ግዛት፣ ሞነሰን በምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ነው። ቤተ ሰቡ የኖርዌይ ዘር ነበር፤ አባቱም መሐንዲስ ነበር። በስዋርትሞር ኮሌጅ ኬሚስትሪ ተምሮ በ1937 የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ። ከዚያም በፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ቀጥሎ በ1939 ሁለተኛ ዲግሪውን አገኘ። በዚያው ዓመት የነጻ ትምህርት ዕድል ተሰጥቶት ወደ ዴንማርክ ዋና ከተማ ወደ ኮፐንሃገን ሄደ። የሄደበትም ቦታ የካርልስበርግ ላቦራቶር ነበር። ይህ ላቦራቶር በአንድ የቢራ ፋብሪካ ባለቤት ገንዘብ የተቋቋመ ሲሆን፣ በፕሮቲን ምርምር በዓለም የታወቀ ነበር። ነገር ግን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ ስለ ተቀጣጠለ ወጣቱ ተመራማሪ በ1940 ወደ አገሩ ለመመለስ ተገደደ። የጀመረውን ሳይፈጽም ቢመለስም፣ በኮፐንሃገን ያደረበት የፕሮቲን ፍቅር አልለቀቀውም።

ከተመለሰ በኋላ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በዓይን ውስጥ ስለሚገኙ ኢንዛይሞች ጥናት አቀረበና በ1943 የዶክትርና ማዕርግ አገኘ። ኢንዛይም ማለት በአካል ውስጥ የሚካሄደውን የኬሚስትሪ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን ማለት ነው። በዚያው በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ካስተማረ በኋላ፣ በ1947 ወደ ስዊድን ተሻግሮ ከሁጎ ቴዎሬል ዘንድ አንድ ዓመት ያህል ሠራ። በ1950 ደግሞ በዋሽንግተን አጠገብ በቤተስዳ በሚገኘው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም፣ በልብ ጥናት ክፍል፣ የአንድ ላቦራቶር ኀላፊ ሆነ። ከፍ ያለ ስም ያተረፈበትንም ሥራ የሠራው በዚሁ ስፍራ ነው።

በዚህ ላቦራቶር ከሠራቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ በ1951 ከዳንኤል ስታይንበርግ ጋር ሆኖ የእንቁላል ነጭ ፕሮቲን በዶሮ አካል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማጥናት ነበር። በ1954 ወደ ኮፐንሃገን ተመልሶ፣ የፕሮቲንን ክርና እጥፋት ደረጃ በደረጃ ለይቶ ስም ከሰጠው ከሊንደርስትሮም ላንግ ዘንድ ሠራ። ከዚያም ሲመለስ ሐሳቡን ሁሉ በአንድ ትንሽ ፕሮቲን ላይ አሳረፈ። ይህም ሪቦኑክሊየዝ የተባለው ነው።

ሪቦኑክሊየዝ ከበሬ ቆሽት የሚገኝ ኢንዛይም ሲሆን፣ ሥራውም አር ኤን ኤ የተባለውን የሴል ንጥረ ነገር መቆራረጥ ነው። የተመረጠውም ትንሽና ጠንካራ በመሆኑ፣ እንደ ልብም የሚገኝ ስለ ነበረ ነው። አርመር የተባለው የአሜሪካ የሥጋ ኩባንያ ከከብት ቆሽት አንድ ኪሎ ያህል ንጹሕ ሪቦኑክሊየዝ አዘጋጅቶ ለተመራማሪዎች በነጻ ያድል ስለ ነበር፣ ብዙ ሊቃውንት በዚሁ በአንዱ ፕሮቲን ላይ ለመሥራት ቻሉ። አንፊንሰን በመጀመሪያ የክሩን ቅደም ተከተል ለማወቅ ደክሞ ነበር። በዚህ በኩል ግን በኒው ዮርክ በሮክፌለር ተቋም የነበሩት ስታንፎርድ ሙርና ዊልያም ስታይን ቀደሙት። እርሱም ሰው በያዘው መንገድ ላይ ከመጋፋት ይልቅ፣ ክሩ እንዴት እንደሚጠቀለል ወደ መመርመር ዞረ።

የሪቦኑክሊየዝ ክር 124 አሚኖ አሲዶች አሉት። ከነዚህም 8ቱ ሲስቴይን የሚባሉና ጫፋቸው ላይ ድኝ ያለባቸው ናቸው። እነዚህ 8ቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ በድኛቸው ይያያዙና 4 ድልድዮች ይሠራሉ። ድልድዮቹ የተጠቀለለው ክር በቀላሉ እንዳይፈታ አጥብቀው ይይዙታል። አንፊንሰንና የሥራ ባልደረቦቹ ፍሬድሪክ ዋይት፣ ማይክል ሴላና ኤድጋር ሃበር ያደረጉት ሙከራ እንደሚከተለው ነው። ኢንዛይሙን በብዙ ዩሪያ ውስጥ አሟሙት። ዩሪያ ዛሬ ገበሬ በማዳበሪያነት የሚያውቀው ነገር ነው፤ በወፍራሙ ሲበጠበጥ ግን የፕሮቲንን እጥፋት ይፈታል። በላዩም ላይ የድኝ ድልድዮችን የሚሰብር ሌላ ኬሚካል ጨመሩበት። በዚህ ጊዜ ክሩ ፈጽሞ ተፈታ፤ ኢንዛይሙም ሥራውን አቆመ። ቀጥለው ሁለቱንም ኬሚካሎች አጥበው አወጡና ፕሮቲኑን አየር በሚያገኘው ቦታ ተዉት። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሲመረምሩት፣ ክሩ ራሱን መልሶ ጠቅልሎ፣ አራቱም ድልድዮች በየቦታቸው ገብተው፣ ኢንዛይሙ አር ኤን ኤን እንደ ቀድሞው ሲቆራርጥ አገኙት።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ውጤት ብቻ ደስ ብሎት በተቀመጠ ነበር። ነገር ግን አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ምናልባት ክሩ ፈጽሞ አልተፈታ፣ ከቀድሞው ቅርጽ የቀረ ነገር መርቶት ይሆን? አንፊንሰን ይህን ለመመርመር ሁለተኛ ሙከራ አደረገ። በዚህ ጊዜ ክሩ በዩሪያ ውስጥ እንደ ተፈታ ሳለ ድልድዮቹ እንዲያያዙ ፈቀደ። እዚህ ላይ ተማሪው እርሳሱን አንሥቶ ሊያሰላው ይችላል። የመጀመሪያው ሲስቴይን ከቀሩት ከ7ቱ ከአንዱ ጋር ይያያዛል፤ ከቀሩት 6 መካከል አንዱ ከ5 ከአንዱ ጋር፤ ቀጥሎ ያለው ከ3 ከአንዱ ጋር ይጣመራል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱም እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ። 7 በ5፣ በ3 ሲባዛ 105 ይሆናል። ከ105ቱ አኳኋን ትክክለኛው አንዱ ብቻ ነው። በእርግጥም የዚያ የተዘበራረቀ ፕሮቲን ሥራ ከጤነኛው ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ዩሪያውን አስወግዶ ድልድይ ሰባሪውን ኬሚካል በጥቂቱ ብቻ ጨመረበት። የተሳሳቱት ድልድዮች እየተሰበሩና እንደገና እየተያያዙ ቆይተው፣ ከብዙ ሰዓት በኋላ ፕሮቲኑ ትክክለኛ ቅርጹን አገኘ፤ ሥራውንም ጀመረ።

የዚህ ሥራ ፍሬ በ1961 ታትሞ ወጣ። ትርጉሙም ትልቅ ነው። በመሞከሪያው ብልቃጥ ውስጥ ክሩን የሚያስተምረው ማንም አልነበረም፤ ለቅርጹም ምሳሌ የሚሆን ሻጋታ አልነበረም። ስለዚህ የቅርጹ መመሪያ በራሱ በክሩ፣ ማለት በአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ውሃ ማንም ሳይመራው ወደ ዝቅተኛው ቦታ ፈስሶ እንደሚያርፍ፣ ክሩም ጥቂት ኀይል በሚጠይቀውና በሚያርፍበት ቅርጽ ላይ ይረጋል። በ1969 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች፣ አንዱ በሮክፌለር ሌላው በመርክ የመድኀኒት ኩባንያ፣ ሪቦኑክሊየዝን ከአሚኖ አሲዶች በሰው እጅ ሠርተው ሥራውን ሲሠራ ባዩት ጊዜ የአንፊንሰን ሐሳብ ይበልጥ ጸና። በ1972 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ግማሹ ለአንፊንሰን፣ ግማሹም ለሙርና ለስታይን ተሰጠ። ቀድመውት የነበሩት ሰዎችና እርሱ በአንድ መድረክ ተገናኙ።

ከሽልማቱ ይልቅ ግን የሰውየውን ጠባይ የሚያሳየው በመካከሉ የሠራው ሌላ ሥራ ነው። በብልቃጥ ውስጥ ፕሮቲኑ ለመጠቅለል ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል። ሕያው ሴል ግን እንዲህ ያለውን ፕሮቲን በደቂቃዎች ውስጥ ሠርቶ ጠቅልሎ ያወጣል። ይህ ልዩነት በራሱ በአንፊንሰን ሐሳብ ላይ ጥያቄ የሚያስነሣ ነበር። እርሱ ግን አልሸሸገውም። ከሮበርት ጎልድበርገርና ከቻርልስ ኤፕስታይን ጋር ሆኖ በጉበት ሴል ውስጥ ሲፈልግ፣ የተሳሳቱ የድኝ ድልድዮችን እየፈታ ትክክለኞቹ ቶሎ እንዲያያዙ የሚያደርግ አንድ ኢንዛይም በ1963 አገኘ። በዚያው ዓመት በሃንጋሪም ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ረዳቱ ሥራውን ያፋጥናል እንጂ ቅርጹን አይወስንም፤ ቅርጹን የሚወስነው ክሩ ነው። ነገር ግን የውስጥ ተሰጥኦ ብቻውን በጊዜው ለመድረስ እንደማይበቃ ከዚህ ታወቀ።

ይህ በር ከተከፈተ በኋላ ሌሎች ብዙ ገቡበት። በሴል ውስጥ ፕሮቲኖች ተጨናንቀው ስለሚኖሩ፣ ገና ያልተጠቀለሉ ክሮች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እንዳይበላሹ ያሠጋል። የተቀቀለ እንቁላልም የማይመለሰው ስለዚህ ነው፤ ሙቀቱ የፈታቸው ክሮች አንዱ ከሌላው ጋር ተወሳስበው ይቀራሉ። ጣልያናዊው ፌሩችዮ ሪቶሳ በ1962 በሙቀት የተነካ የዝንብ ሴል ለየት ያለ የሥራ ትእዛዝ እንደሚጀምር ገልጾ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ተረዳው፣ በዚያ ጊዜ ሴሉ የሚያዘጋጀው ሌሎቹን ፕሮቲኖች የሚጠብቁ ሞግዚት ፕሮቲኖችን ነው። በ1989 ፍራንዝ ኡልሪክ ሃርትልና አርተር ሆርዊች ከባልደረቦቻቸው ጋር አንዳንድ ፕሮቲኖች ያለ ሞግዚት ሊጠቀለሉ እንደማይችሉ አሳዩ። ከሞግዚቶቹ አንዱ እንደ በርሜል ያለ ነው፤ ያልታጠፈውን ክር ወደ ውስጥ ያስገባና ክዳኑን ገጥሞ፣ ከሌሎች ተለይቶ እንዲጠቀለል ፋታ ይሰጠዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎለትስ መታጠፍ ያቃተው ፕሮቲን ምን ይሆናል? ለዚህ መልስ የሰጡት በእስራኤል በሃይፋ ከተማ የነበሩት አቭራም ሄርሽኮና አሮን ቼካኖቨር፣ እንዲሁም በፊላደልፊያ የነበረው ኧርዊን ሮዝ ናቸው። እነርሱ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንዳሳዩት፣ ሴሉ ሊያስወግደው በፈለገው ፕሮቲን ላይ ኡቢኪቲን የተባለ 76 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ይለጥፍበታል። ነገሩ በመሥሪያ ቤት በሚወገድ ወረቀት ላይ እንደሚመታ ማኅተም ነው። ኡቢኪቲኖቹ በላይ በላዩ ሲደራረቡ ፕሮቲኑ እንደ ወፍጮ ወዳለ ክፍል ይወሰዳል፤ በዚያም ይቆራረጣል። ማኅተሙ ተነሥቶ ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል፤ ቁርጥራጩም ወደ አሚኖ አሲድነት ተመልሶ ለአዲስ ፕሮቲን መሥሪያ ይሆናል። በዚህ መንገድ የሚወገዱት የተበላሹት ብቻ ሳይሆኑ ጊዜያቸው ያለፈባቸው ጤነኞችም ጭምር ናቸው። ሦስቱ ሊቃውንት በ2004 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ይህ ጉዳይ ለሰው ልጅ ጤና ምን ያህል የከበደ እንደ ሆነ ሁለት ምሳሌ ይበቃል። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል ሳንባንና ቆሽትን የሚጎዳ የዘር በሽታ አለ። የበሽታው ምክንያት የሆነው ዘር የታወቀው በ1989 ነው። ከዚህ ዘር የሚሠራው ፕሮቲን 1480 አሚኖ አሲዶች ሲኖሩት፣ በብዙዎቹ ሕሙማን ላይ የጎደለው በ508ኛው ቦታ የሚገኘው አንዱ ብቻ ነው። በዚህ ጉድለት ፕሮቲኑ በትክክል መታጠፍ ያቅተዋል፤ ቦታው ቢደርስ ጥቂት ሥራ ሊሠራ ይችል የነበረ ቢሆንም፣ የሴሉ ተቆጣጣሪዎች አስቀድመው ይይዙትና ያስወግዱታል። በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደው የሦስት መድኀኒቶች ቅልቅል ከሚሠራው ሥራ ዋናው ይህን ፕሮቲን በመታጠፍ መርዳት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በአልዛይመርና በፓርኪንሰን በሽታ በተያዙ ሰዎች አንጎል ውስጥ በተሳሳተ ቅርጽ የተጣበቁ የፕሮቲን ጉብታዎች ይታያሉ። በአንዱ ወገን ጥበቃው በዛ፤ በሌላው ወገን ማስወገዱ አነሰ።

ወደ አንፊንሰን እንመለስ። ከሽልማቱ በኋላ ያለው ኑሮው ሁሉ የተደላደለ አልነበረም። የመጀመሪያ ጋብቻው ፈርሶ በ1979 ሁለተኛ ሚስት አገባ፤ በዚያውም ዘመን የአይሁድን ሃይማኖት ተቀበለ። በ1950 የገባበትን የመንግሥት ተቋም ከ30 ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ ትቶ፣ በእስራኤል ሊቋቋም ለታሰበ አንድ ኩባንያ የሳይንስ ኀላፊ ለመሆን ወደዚያ ሄደ። ነገር ግን ለኩባንያው የታሰበው ገንዘብ ሳይገኝ ቀረ። የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ሰው በ60ዎቹ ዕድሜው ሥራ አጥቶ ተመለሰ። በ1982 በባልቲሞር የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለው፤ እስከ ዕለተ ሞቱም በዚያ በፕሮፌሰርነት ሠራ።

በዚያም ሆኖ ስለ ቀድሞ ዝናው በማውራት ጊዜውን አላጠፋም። እንደ ተማሪ አዲስ ጥያቄ አነሣ። በባሕር ውስጥ ከሚገኝ ፍል ምድር የተገኘች፣ በ100 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ በደንብ የምትራባ አንዲት ረቂቅ ፍጥረት አለች። እንቁላል በሚረጋበት ሙቀት የእርሷ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ጠብቀው ይሠራሉ። አንፊንሰንና ተማሪዎቹ ከዚህች ፍጥረት ስታርችን የሚሰባብር ኢንዛይም ለይተው በ1993 ጥናታቸውን አወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሜይ 14 ቀን 1995፣ በ79 ዓመቱ ዐረፈ።

የተከለው ዘር ግን ፍሬ ማፍራቱን ቀጠለ። የፕሮቲን ቅርጽ በክሩ ውስጥ ተጽፎ ከሆነ፣ ክሩን ብቻ አንብቦ ቅርጹን አስቀድሞ መናገር መቻል አለበት። ይህ ሥራ ሊቃውንቱን ከ50 ዓመት በላይ አደከማቸው። በ2020 አልፋፎልድ የተባለ የኮምፒዩተር ዘዴ፣ በብዙ ዓመት ድካም ከተሰበሰቡት ቅርጾች ተምሮ፣ የብዙ ፕሮቲኖችን ቅርጽ በጥሩ ሁኔታ ለመናገር ቻለ። ከሠሩት መካከል ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር፣ አዳዲስ ፕሮቲኖችን ከሚነድፈው ከዴቪድ ቤከር ጋር የ2024ን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ይሁን እንጂ መኪናው የሚናገረው የመጨረሻውን ቅርጽ ነው። ክሩ በሴል ውስጥ በምን መንገድ አልፎ እዚያ እንደሚደርስ፣ የትኛውም ሞግዚት መቼ እንደሚረዳው፣ መቼም ተስፋ ተቆርጦበት እንደሚወገድ ዝርዝሩን ማጥናት ዛሬም የብዙ ላቦራቶሮች ሥራ ነው።

ወጣቱ ተማሪም ሆነ አዲሱ የመንግሥት ሠራተኛ ከዚህ ሰው ታሪክ የሚወስደው ነገር አለ። አንፊንሰን ሲቀደም መንገድ ለወጠ እንጂ አልተጣላም። ሙከራው በተሳካለት ጊዜ ራሱ ተቃዋሚ ሆኖ ሁለተኛ ሙከራ አደረገ። ሐሳቡ ሙሉ ያልሆነበትን ቦታ ሲያይም አልሸፈነውም፤ የጎደለውን ለመፈለግ ወደ ሴሉ ተመለሰ። ከሁሉ የሚበልጥ ሥራው ክሩ የቅርጹን መመሪያ በራሱ ውስጥ እንደ ያዘ ማስረዳቱ ነው፤ ያው ክር በጊዜው ለመድረስ ረዳት እንደሚያስፈልገው ያሳየውም ያው ሰው ነው።